ለአስር አለቃ ምስጋና፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውሻ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የደሴና የአካባቢዋ ልጆች። እኔ ሱቄን ከፍቼ ሚስማርና ቀለም ስሸጥ የምውል ሰው ነኝ፤ እዚህ ላይ ከለቅሶና ከሰርግ ሌላ ለጥፌ አላውቅም። ባለፈው እሁድ ግን አንድ ከራቀን የቆየ ወዳጄ ቤት መጥቶ ቡና እየጠጣ «ያ ጉደኛ ውሻህስ? ገደልከው እንዴ?» አለኝ። ጃክ ከእንግዳው ስምንት እርምጃ ርቆ ጆንያው ላይ ተጋድሞ ያየው ነበር። ሰውዬው ሌላ ውሻ ያመጣሁ መስሎታል። ያኔ ነው ለአስር አለቃ ያልከፈልኩት ዕዳ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ።

ስማቸውን አልጽፍም። «እዚያ ስልክህ ላይ እንዳታወጣኝ» ብለውኛል። ሰፈሩ ሁሉ አስር አለቃ ነው የሚላቸው። በሰራዊት ቤት ከውሻ ጋር ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን የሰው ውሻ የሚያሠለጥኑ፣ ወሬ የማያበዙ አዛውንት ናቸው።

ጃክ የተወለደው መስከረም 2014 ነው። እናቱ ጀርመን ሸፐርድ ናት፤ አባቱን እሷ ታውቃለች። ጥቅምትና ህዳር ላይ ከተማችን በጦርነቱ ምን ላይ እንደነበረች ለደሴ ሰው አልተርክለትም። ቡችላውን ይዘን ጓዳ ገብተን ከርመናል። እንግዳ አላየ፣ ልጅ አላየ፣ ባጃጅ አልሰማ፤ የሰማው የከባድ መሳሪያ ድምጽ ነው። ስንወጣ ሰውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ቆጠረው። አደገና አርባ ኪሎ ገደማ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። የበሩ ቆርቆሮ በተነካ ቁጥር አጥሩን ሊያፈርስ ይደርሳል። ከሁሉም የተቸገሩት ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለሱብሂ ሲወጡ በኛ በር ነው የሚያልፉት፤ ውሻው ሾልኮ ምራቁ ልብሳቸውን ከነካው እሳቸው እንደሚሉት ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ አለባቸው። በዚያ ብርድ፣ ጦሳ ስር! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ መንገድ ቀይረው በታች በኩል መዞር ጀመሩ። ይሄ ከስድብ በላይ አሳፈረኝ።

እና አንድ «አሰልጣኝ» አገኘሁ ብዬ ሌላ ከተማ ላክሁት። ለ21 ቀን። ከፍዬ፣ በመኪና አስጭኜ። የሚያንቅ ሰንሰለትና ዱላ እንደሚጠቀም አይቻለሁ፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ «ወንድ ያደርገዋል» ብዬ ነው የሰጠሁት። ሲመለስ ጸጥ ብሏል። አይጮህም፣ አያጉረመርምም። ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በዘጠነኛው ቀን የእህቴ ልጅ ግቢ ገብቶ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ ጃክ ያለ አንዲት ድምጽ ሄዶ ባቱን ያዘው።

ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ የእብድ ውሻ ክትባት ጀመረ። ጃክ ክትባቱን በየዓመቱ የተከተበ ነው፤ ቢሆንም 10 ቀን አስረን ተከታተልነው። ውሻ ያላችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፦ ቡችላችሁ 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት፣ ከዚያም በየዓመቱ። ስልጠናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዘመድ ተሰብስቦ «መርዝ አብላው» አለኝ። ለማድረግም ተቃርቤ ነበር። ያስቆሙኝ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ሀጂ! «ወላሂ ልጄ፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ከመርዙ በፊት አንድ ሰው አለ፣ እሳቸውን አሳየው» ብለው አስር አለቃ ቤት ድረስ ይዘውኝ ሄዱ።

አስር አለቃ መጀመሪያ የጠየቁኝ የውሻውን ጠባይ አይደለም፤ የቤታችንን ነው። ማን ነው የሚያበላው? የት ያድራል? በስንት ሰዓት በበራችሁ ማን ያልፋል? ልጅ አለ? እንግዳ የሚበዛው መቼ ነው? በልጆች ደብተር ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። «ስንት ቀን ይፈጃል?» ስላቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ሳላየው?» አሉ።

በማግስቱ መጡ። ዱላ ይዘው ወይም ሰንሰለት አንጠልጥለው ይመጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የያዙት ግን የተቀቀለ ሳንባ በፌስታል ነው። ሽምብራ ሽምብራ በሚያህል ተከትፏል፤ ጨው የለው፣ ሽንኩርት የለው። (ሽንኩርት ለውሻ ደም ጥሩ አይደለም፤ ወጥ የምታለብሱላቸው ሰዎች ሰምታችኋል?) መቀመጫ ዱካ አስመጡ። ጃክ በረጅም ገመድ ከግንድ ጋር ታስሯል። እሳቸው ራቅ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ ጎናቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ። ዓይኑን አላዩትም። አልጠሩትም። አንዳንዴ ሳያዩ አንድ ፍሬ ሳንባ ወደሱ ይወረውራሉ። አርባ ደቂቃ! እኔ በመስኮት ቆሜ «ይሄን ለማየት ነው የምከፍለው?» እያልኩ ነበር።

ከዚያ ጠሩኝና በቀስታ ማሳየት ጀመሩ። «ጅራቱን እይ፣ ሆዱ ስር ነው። ክብደቱ የኋላ እግሩ ላይ ነው፤ ወደፊት እየጮኸ ወደኋላ ይሄዳል። ከንፈሩን ላሰ፣ አየኸው? አሁን ደግሞ አዛጋ። በዚህ ሰዓት እንቅልፍ መጥቶበት ይመስልሃል?» እውነት ነው፤ ለዓመታት አብሬው ኖሬ አንዱንም አላስተዋልኩም። «ይሄ ፈርቶ ነው። የፈራን ውሻ በዱላ ብትመታው የሚማረው ፍርሃቱ ትክክል መሆኑን ነው። ማጉረምረሙን ነው ያስተዉት። ማጉረምረም እኮ ማስጠንቀቂያው ነበር።» የእህቴ ልጅ እግር ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አሉ፦ «ግራ ጆሮውን ሦስት ጊዜ አከከ። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጋ።» ወሰድኩት፤ የጆሮ ውስጥ ቁስል ተገኘበት። ያ ሁሉ አንገቱ ሲነካ የሚቆጣው ግማሹ ሕመም ኖሯል። ጆሮው እስኪድን አስር አለቃ አንድም ነገር ማስተማር አልጀመሩም፣ ብርም አልተቀበሉም።

ስለ ሁለተኛዋ ውሻችንም ልናገር፤ የሰውዬው ሙያ የገባኝ በሷ ነው። ሻሼ ከሰኞ ገበያ ተከትላን የመጣች ያገር ውሻ ናት፤ ቁመቷ ድንች የሞላ ቅርጫት የማይበልጥ፣ የማትፈራው ነገር የሌለ። ጥፋቷ ሌብነትና ሰው ላይ መዝለል ነው። እኔ ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚያሰለጥኑልኝ መስሎኝ ነበር። አስር አለቃ መሬት ላይ ሦስት ነገር አስቀመጡ፦ ሳንባ፣ ደረቅ ዳቦ፣ በካልሲ የተሠራ ኳስ። ሻሼ ሳንባውን ዋጠች፣ ዳቦውን ዋጠች፣ ኳሱን ይዛ ግቢውን ሁለት ዙር ዞረች፣ ተመልሳም ፌስታሉን ልትቀማቸው ሞከረች። ጃክ አንዱንም አልነካም። ሁላችንም ወደ ቤት ገብተን በመስኮት ስናይ ነው ቀስ ብሎ መጥቶ ሳንባዋን ብቻ ያነሳት። «እሷ ለኳስ ትሠራለች። እሱ ሰው ባለበት ከበላ ያ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው» አሉና ደብተራቸው ላይ ለየብቻ ጻፏቸው።

ሻሼ ላይ ያዘዙልን ቀላል ይመስላል፦ ስትዘል ፊት አዙሩ፣ አትናገሯት፣ አትግፏት፤ አራት እግሯ መሬት ሲነካ ኳሱን ወርውሩላት። «መጀመሪያ ይብስባታል፣ እንዳትሸነፉ» ብለው ነበር። አራት ቀን ሙሉ ጉድ አየን፤ እንደ ፍየል ነው የዘለለችብን። ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን «ጃኬቴን ጨረሰችው» ብላ ልትተወው ነበር። በአምስተኛው ቀን ሻሼ መጥታ ቁጭ አለች። ይኸው እስከ ዛሬ።

ይሄው ዘዴ ለጃክ ቢሞከር ምንም አይሠራም ነበር። ፈርቶ የሚጮህን ውሻ ፊት ብታዞርበት ፍርሃቱ የት ይሄዳል? ለእሱ ያደረጉት ሌላ ነው። ከበሩ ጀምረው እርምጃ ቆጠሩ። ሰው በበሩ ሲያልፍ ጃክ ሳንባ መብላት የማይተውበት ቅርብ ቦታ ስንት እርምጃ ላይ ነው? 14። እዚያ ላይ በኖራ መስመር አሰመሩ። «ከዚህ መስመር ወደ በሩ ቀርቦ ምንም አይማርም፤ መብላት ካቃተው ጆሮውም ተዘግቷል ማለት ነው።» ሥራችን ይሄ ብቻ ሆነ፦ ከመስመሩ ኋላ ሆነን ሰው ሲያልፍ ሳንባ፣ ሰው ሲያልፍ ሳንባ፤ ሰው ከሌለ ሳንባ የለም። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ። ሳምንት ሰላም ከዋለ መስመሩ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ይጠጋል። የደሴ ዝናብ ደግሞ ኖራውን እያጠበ መስመሩን ስንት ጊዜ እንዳደስነው!

እኔ አበላሸሁት። ለሁለት ሳምንት ጃክ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ በሰማ ቁጥር ጸጉሩ ይቆም ጀመር። ግራ ገብቶኝ ደወልኩ። መጡና «ሥራ፣ ልይህ» አሉ። ሀጂ ሲመጡ ጃክ ሳያያቸው እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸውና ቶሎ ብዬ ሳንባውን አወጣለሁ፤ ከዚያ ሀጂ ያልፋሉ። አስር አለቃ ሳቁ። «አንተ እኮ ሳንባ ማለት ሰው መጣብህ ማለት ነው ብለህ አስተምረኸዋል። መጀመሪያ ሰውየውን ይየው፣ ቀጥሎ ነው ሳንባው።» ይቺ የአንድ ሰከንድ ቅደም ተከተል ሁለት ሳምንት በላችብኝ። ልጄ ትምህርት ቤት የተማረችውን የፓቭሎቭን ውሾች አነሳችልኝ፤ ሩሲያዊው ሐኪም፣ በፈረንጆች 1904 ኖቤል ያገኘው። እሱም ድምጹን አስቀድሞ ነው ምግቡን የሚያስከትለው አለች። ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር!

እጄም ዘገምተኛ ነው። ውሻው ልክ ሲያደርግ «እሰይ» ብዬ ወዲያው መስጠት አለብኝ፤ እኔ «እሰይ» የምለው ከተነሳ በኋላ ነው፣ ስለዚህ መነሳቱን እያመሰገንኩ ነበር። በመጀመሪያ አስር አለቃ ጠቅ የሚል እስክሪብቶ ሰጥተውኝ ነበር፤ ጃክ ድምጹን ሲሰማ ጆሮውን ጥሎ ከግንዱ ኋላ ተደበቀ። የመሳሪያ መቀባበል መስሎት ይሆን? እንጃ። እሳቸው እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተው «እሰይ በለው፣ ቀስ ብለህ» አሉ። ሻሼን ግን እስከ ዛሬ በእስክሪብቶ ነው የምናሠራት። ከዚያ ውሻው በሌለበት እኔን አሠለጠኑኝ፦ ባቄላ ወደ ላይ ይወረውራሉ፣ እኔ ባቄላዋ ጠረጴዛውን ስትነካ «እሰይ» እላለሁ። ጎልማሳ ሰው፣ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ እያየኝ። አንድ ደንበኛ ሚስማሩን ሳይገዛ ወጥቶ ሄዷል።

ከበር ጋር ያለውን ነገር እንዴት እንደፈቱት ደግሞ ስሙ። ስልኬ ላይ ባየኋቸው ቪዲዮዎች ውሻ ቁጭ ብሎ እንግዳ ይቀበላል፣ እንግዳው ራሱን ይዳብሰዋል። ይህን ነው ያልኳቸው። «ሀጂ ራሱን ሊዳብሱት ነው? ልጆቹስ? የዚህ ሰፈር እንግዳ ውሻ እንዲርቀው ነው የሚፈልገው፤ ያንተም ውሻ እንግዳ እንዲርቀው ነው የሚፈልገው። ታዲያ ምን አጨቃጨቀን?» አሉ። ስለዚህ «ቦታህ» የሚል ትምህርት መረጡ፦ በር ሲንኳኳ ጃክ ወደ ጆንያው ሄዶ ይተኛል፣ እዚያ ሳንባ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ያለ ምንም ድምጽ፤ ጆንያው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ «እሰይ»። ከዚያ እኔ በጣቴ ጠረጴዛ በቀስታ እመታለሁ። ከዚያ ልጄ ቆርቆሮውን በጥፍሯ። ከዚያ በጡጫ። በመጨረሻ ሀጂ በከዘራቸው።

የሀጂ ውለታ የሚረሳ አይደለም። ለሱብሂ ሲወጡ መንገዳቸውን ወደኛ በር መልሰው፣ በኪሳቸው ዳቦ ቆሎ ይዘው፣ በአጥሩ ላይ ይወረውሩለት ነበር። «ለመስጊድ ስወጣ ሰደቃ ጀመርኩ ማለት ነው» እያሉ። በሦስተኛው ወር ገደማ አዛን ሲሰማ ጃክ ብድግ ብሎ ጅራቱን እየነሰነሰ አጥሩን ማየት ጀመረ። አሁን ሀጂ ታመው የቀሩ ቀን የሚከፋው እሱ ነው።

መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለ አልነበረም። ዘጠኝ እርምጃ ላይ ደርሰን ሰፈር ውስጥ ሰርግ ሆነና ጥይት ተተኮሰ፤ ጃክ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። አስር አለቃ መስመሩን ወደ 13 መለሱት፤ አልተቆጡም፣ አልተጨነቁም። «አብሽር፣ መንገዱን ያውቀዋል፣ ቶሎ ይመለሳል» አሉኝ። በአስር ቀን ተመለሰ። በተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ዓለምን የሚለምድበት ጊዜ ጓዳ ውስጥ ስላለፈበት ሙሉ በሙሉ ሰው ወዳድ እንደማይሆን ከመጀመሪያውም ነግረውኛል። አልሆነምም። እንግዳ አይነካውም፣ እሱም እንግዳ አይነካም፤ ለኛ ቤት ከበቂ በላይ ነው።

በጾም ጊዜ የኛ ሥጋ ቤት ሲዘጋ ሳንባውን ከሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት ነው የምናመጣው። ባለሥጋ ቤቱ አሁን ሳልጠይቀው «የተማሪው ደርሷል» ይለኛል።

ሐይቅ ላለው አጎቴ በግ ጠባቂ ውሻም ይምጡልን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ሄደው አዩት፤ ከበጎቹ መሃል ተኝቶ ዙሪያውን ይቃኛል። «ይሄ ሥራውን ያውቃል፣ ቁጭ በል ተነስ ምን ይጨምርለታል?» ብለው ዓሣ በልተው ተመለሱ። ገንዘብ አልወሰዱም። መስማት ለተሳናት አንዲት ያረጀች ውሻ ደግሞ በእጅ ምልክትና በባትሪ ብርሃን ሲያስተምሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነቀፌታዬንም ልናገር፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል። በቀጠሮ ሰዓት አይመጡም። ክረምት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገት ላይ ያለ ቤት አይወጡም። ስልክ ሦስት ጊዜ ካልተደወለ አያነሱም። «ውሻዬን ኃይለኛ አድርጉልኝ» ወይም ለውሻ ግጥሚያ የሚል ሰው ሲመጣባቸው ያባርሩታል፣ ቃላቸውም ለጆሮ አይመችም። ውሻውን ወስደው አሠልጥነው አይመልሱም፤ ቤታችሁ መጥተው እናንተን ነው የሚያሠሩት፤ ጊዜ የለኝም የምትሉ ባትደውሉ ይሻላል። እኔን በአንድ ጉብኝት 400 ብር አስከፍለውኛል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አልቀበልም አሉ፣ ቡና ጠጥተው ሄዱ።

አስር አለቃ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ አምናለሁ። የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ግቢ ገብቶ ጫማውን አወለቀ፤ ጃክ ጆንያው ላይ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። ሰኞ ገበያ ስለሚውሉ ሰኞን ተዉት። በሚመጡበት ቀን ውሻችሁን ጠዋት አታብሉት፣ ሳንባውን ያለ ጨው ቀቅላችሁ በሽምብራ ልክ ክተፉት፤ ዱካም አትርሱ፣ ወንበር ላይ አይቀመጡም።